የውቅያኖስ አውሎ ነፋስና የገበሬው ማሳ

ሳይክሎን በሞቃት ውቅያኖስ ላይ ተፈጥሮ ኃይለኛ ነፋስና ከባድ ዝናብ የሚያስከትል አውሎ ነፋስ ነው፤ በአትላንቲክ አካባቢ ሀሪኬን ይባላል። ኃይሉን የሚያገኘው ከባሕሩ ሙቀት ነው።

የምድር ሙቀት መጨመር የአውሎ ነፋሶቹን ቁጥር የግድ ያበዛል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ከመካከላቸው እጅግ ብርቱ የሚሆኑት ድርሻ እንደሚጨምር ሳይንቲስቶች ይገልጻሉ። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ስለሚችል፣ ዝናቡም ይከብዳል።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያም መዘዙ ይደርሳታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሜኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉ ሳይክሎኖች የዓረብ ምድርን በረሃ አራሱ። እርጥቡ አሸዋ ለበረሃ አንበጣ እንቁላል መጣያ፣ የበቀለው ለምለም ሣር ደግሞ ምግቡ ሆነ። መንጋው በየመን በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻግሮ እየተራባ ቆየ፤ በ2013 ዓ.ም. የመኸር ወቅትም በወሎና በራያ ለአጨዳ የደረሰ ሰብል አወደመ።

አንበጣን ለመከላከል የሚቀለው ገና ኩብኩባ ሳለ፣ ክንፍ አውጥቶ ከመብረሩ በፊት ነው። ስለዚህ ኩብኩባ ያየ አርሶ አደር ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፈጥኖ ማሳወቅ፣ የደረሰ ሰብሉንም ሳይውል ሳያድር መሰብሰብ ይጠበቅበታል።