የመድን ካርድና የገበሬው ልጅ ሻንጣ

የጤና መድን ሲባል ቶሎ የሚታየን ሐኪም ቤት፣ ካርድና ወረፋ ነው። የቻይና ገጠር ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያሳየናል፤ ሕክምናውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ፣ እርሻው ላይ ማን ይቀራል፣ ማንስ ከተማ ይገባል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው።

እስቲ ከኋላ እንጀምር (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማኦ ዘመን ገበሬው የሚሠራው በኮሙዩን ነበር። የቀን ውሎው በነጥብ ይያዛል፣ ድርሻውን የሚያገኘውም በነጥቡ ልክ ነው። ከጋራ ገቢው ላይ ተቀንሶ ደግሞ የመንደሩ የሕክምና ፈንድ ይደጎማል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፉት «ባዶ እግር ሐኪሞች» ለጥቂት ወራት ሠልጥነው አንዴ የሚያርሱ፣ አንዴ የሚያክሙ ገበሬዎች ነበሩ፤ እነሱም የሚታሰብላቸው በነጥብ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህ አሠራር 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን መንደሮች አዳርሶ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ መሬቱ ለየቤተሰቡ ሲከፋፈል ኮሙዩኑ ፈረሰ። ገበሬው ለራሱ አረሰ፣ ገቢውም አደገ። የጋራው ገቢ ሲቀር ግን ፈንዱም አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሽታ ቤት ሲገባ ምርጫው መበደር፣ ያለውን መሸጥ፣ ወይም ልጅን ወደ ፋብሪካ መላክ ሆነ። ከተማ የገባው ሁሉ በበሽታ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከተማው የተሻለ ይከፍል ነበር። ያልታከመ አባት ያለው ልጅ ግን «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ለማሰላሰል ጊዜ አልነበረውም።

በ2003 መንግሥት አዲስ የገጠር መድን ጀመረ። ገበሬው በዓመት 10 ዩዋን ሲያዋጣ መንግሥት ከዚያ የበለጠ ይጨምርለታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ገጠር ተመዘገበ። ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? መድኑ የሚሠራው በዋናነት በተመዘገቡበት አውራጃ ነው። ሼንዘን ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የገበሬ ልጅ ብትታመም ወይ ከኪሷ ትከፍላለች፣ ወይ ሥራዋን ትታ አገር ቤት ትመለሳለች። ካርዱ አባትየውን ሲያግዝ ልጅቷን መንደሯ ላይ አሰራት። በ2016 የገጠሩና የከተማው ነዋሪዎች መድን እንዲዋሃድ የተወሰነው ይህን የመሰለው ክፍተት አፍጥጦ ከታየ በኋላ ነው።

እኛም ሀገር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አባልነቱ በቤተሰብ ነበር። መዋጮው አገር ቤት ይከፈላል፤ ልጁ ግን አዲስ አበባ ፎቅ ግንባታ ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ «ስንት ቤተሰብ ተመዘገበ?» ብለን ስንጠይቅ «የቤተሰቡ አባላት የሚሠሩትስ የት ነው?» የሚለውንም እንጨምርበት።