አይብና ነፍሰ ጡር እናት፦ የ1985ቱ የሎስ አንጀለስ ወረርሽኝ ታሪክና ትምህርቱ

አንዲት ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ክትትል መጥታ «አይብ ብበላ ይጎዳኛል?» ብላ ብትጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል? አንዳንዱ ባለሙያ «ምንም አይልሽም» ይላታል፤ ሌላው ደግሞ ለጥንቃቄ ሲል «የወተት ነገር ሁሉ ይቅርብሽ» ይላታል። የመጀመሪያው መልስ ጽንሱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል፤ ሁለተኛው እናቲቱን ጠቃሚ የፕሮቲንና የካልሲየም ምንጭ ያሳጣታል። ትክክለኛው መልስ የተገኘው በብዙ ሕፃናት ሕይወት ዋጋ ስለሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለማንኛውም የጤና ባለሙያ ይጠቅማል።

ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ቤተ ሙከራ ይረቡ የነበሩ ጥንቸሎች ታመው ሲሞቱ ተመራማሪዎች ሙሬይ፣ ዌብና ስዋን ተህዋሱን ለይተው አወጡ፤ በታመሙት እንስሳት ደም ውስጥ ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በዝቶ በማየታቸውም ስሙን ከዚሁ ወሰዱ። «ሊስቴሪያ» የሚለው ስያሜ የጸደቀለት በ1940 ሲሆን፣ ለእንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለጆሴፍ ሊስተር መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በ1949 በጀርመን ሐለ ከተማ በርካታ ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ ወይም እንደተወለዱ ሲሞቱ፣ ተህዋሱ ከእናት ወደ ጽንስ የሚተላለፍ መሆኑ ግልጽ እየሆነ መጣ። ወደ እናቲቱ የሚገባው በምን መንገድ ነው ለሚለው ጥያቄ ግን አጥጋቢ መልስ ሳይገኝ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አለፉ።

የመጀመሪያው አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያና በአካባቢዋ ነው። በዚያ ከታመሙት 41 ሰዎች 34ቱ የእርግዝናና የአራስ ሕፃናት ሕሙማን ነበሩ። መንስኤው በበግ ፍግ ከለማና ክረምቱን በቀዝቃዛ መጋዘን ከቆየ ጥቅል ጎመን የተዘጋጀ ሰላጣ ሆኖ ተገኘ። ሊስቴሪዮሲስ በምግብ የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። አይብ ተጠያቂ ሆኖ የቀረበው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጤና ባለሙያዎች በነፍሰ ጡሮችና በአራስ ሕፃናት ላይ የሚታየው ሊስቴሪዮሲስ ከወትሮው መብዛቱን አስተዋሉ። ከእናቶቹ አብዛኞቹ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ይህ ፍንጭ መርማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ማዕድ መራቸው። የታመሙትና ያልታመሙት የበሉት ምግብ ሲነጻጸር ከሕመሙ ጋር የተያያዘው በሜክሲኮ ባህል የሚሠራው ለስላሳ አይብ ሲሆን፣ ኦድስ ሬሾው 5.5 ነበር። ሁለተኛው ንጽጽር ደግሞ ጣቱን ወደ አንድ የንግድ ምልክት አመለከተ።

ከገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት አይቦች መካከል ተህዋሱ ጃሊስኮ ከተባለው ድርጅት ምርቶች ተገኘ፤ እነዚህም ኬሶ ፍሬስኮ የተባለው ትኩስ ነጭ አይብና ኮቲሃ የተባለው አይብ ነበሩ። የድርጅቱ ምርቶች በሰኔ ወር ከገበያ ተሰበሰቡ። የፋብሪካው ምርመራ እንዳመለከተው ፓስተራይዝ የተደረገው ወተት ካልተደረገው ጋር ይቀላቀል ነበር። ለዚህ ፍንጭ የሰጠው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ጥሬ ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል፤ በተገቢው ፓስተራይዜሽን ግን ይጠፋል። ስለዚህ በአይብ ውስጥ በብዛት ከተገኘ ወተቱ በሚገባ አልሞቀም፣ ወይም ጥሬ ወተት ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ከጥር 1 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በካውንቲው 142 ሕሙማን ተመዘገቡ። ከእነዚህ 93ቱ ነፍሰ ጡሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። 48 ሞት ሲመዘገብ 20ዎቹ ጽንሶች፣ 10ሩ አራስ ሕፃናት፣ 18ቱ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ አዋቂዎች ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል አንዲትም ነፍሰ ጡር እናት የለችም። የበሽታው አታላይነት እዚህ ላይ ነው፤ እናቲቱ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ተሰምቷት ይሻላታል፣ ተህዋሱ ግን በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ጽንሱን ይገድላል፣ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ያደርጋል፣ ወይም ለደም መመረዝና ለማጅራት ገትር ይዳርገዋል።

በእርግዝና ወቅት የሰውነት የመከላከል አቅም ጽንሱን እንዳያጠቃ ራሱን ስለሚያለዝብ፣ በሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ሊስቴሪያ አመቺ ሁኔታ ያገኛል። በተጨማሪም ከብዙዎቹ ተህዋስያን በተለየ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ይራባል። ምግቡ ከተበላ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ እስከ 70 ቀን ሊቆይ ስለሚችል «ትናንት ምን በላሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ሕክምናውን በተመለከተም በየሆስፒታሉ የሚዘወተረው ሴፍትሪያክሶንም ሆነ ሌሎቹ ሴፋሎስፖሪኖች ሊስቴሪያን እንደማይገድሉ መዘንጋት የለበትም፤ ተመራጩ መድኃኒት አምፒሲሊን ነው።

ከሎስ አንጀለስ በኋላ ሌሎች ማስረጃዎች ተከታተሉ። በስዊዘርላንድ ቮ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የታመሙት 122 ሰዎች ሕመም ቫሽራን ሞን ዶር ከተባለው ለስላሳ አይብ ጋር ተያያዘ። ተህዋሱ በአይቡ ቅርፊትና አይቡ በሚበስልባቸው ጓዳዎች መገኘቱ፣ ወተት ማሞቅ ብቻውን እንደማይበቃና ከዚያ በኋላ ያለው ንጽሕናም ወሳኝ መሆኑን አስገነዘበ። በ1989 የእንግሊዝ መንግሥት ነፍሰ ጡሮች በሻጋታ ከሚበስሉ ለስላሳ አይቦች እንዲቆጠቡ መከረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መመሪያ የአይብ ስም ዝርዝር ማጥናት አይደለም። መጠየቅ ያለበት፦ ወተቱ ፓስተራይዝ ተደርጓል ወይ? አይቡ ምን ያህል እርጥበትና አሲድ አለው? ከተሠራስ በኋላ እንዴት ተያዘ? የሚለው ነው። እንደ ፓርሜዛንና ቼዳር ያሉ ደረቅ ፎርማጆዎች እርጥበታቸው አነስተኛ ስለሆነ ለተህዋሱ አይመቹም። ፓስተራይዝ ከተደረገ ወተት የተሠሩ እንደ ሞዛሬላ ያሉ አይቦችም በንጽሕና ከተያዙ ይበላሉ። እንደ ብሪና ካማምቤር ያሉ በሻጋታ የሚበስሉ፣ ሰማያዊ ሥር ያላቸው ለስላሳ አይቦች፣ እንዲሁም ከጥሬ ወተት የተሠራ ማንኛውም ለስላሳ አይብ ግን በሚገባ ካልበሰሉ በቀር ለነፍሰ ጡር አይመከሩም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አይባችን የሚሠራው የተናጠ እርጎ ቅቤው ከወጣ በኋላ አረራውን በለስላሳ እሳት በማሞቅና አጓቱን በማጥለል ነው። በረኔት ከሚረጋው ኬሶ ፍሬስኮ ይልቅ አሲድነቱ ከፍ ያለ በመሆኑ የተወሰነ መከላከያ አለው። ሆኖም መነሻው ብዙውን ጊዜ ጥሬ ወተት ነው፤ የእሳቱም መጠን ከቤት ቤት ይለያያል። ለፓስተራይዜሽን የሚያስፈልገው 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ሲሆን፣ አረራው ለብ ብሎ ብቻ ከወረደ እዚህ አይደርስም። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጠቀሜታ ቢኖረውም ሙቀትን አይተካም። ጥሬ ወተት ብሩሴላን የመሳሰሉ ሌሎች ተህዋስያንንም ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይታወቃል።

ታዲያ ምን እንምከር? እዚህ ላይ ሌላ የአሜሪካ ታሪክ ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዋሽንግተን ስቴት በያኪማ አካባቢ በቤት ከተሠራ ኬሶ ፍሬስኮ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ተነሣ። የጤናና የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አይቡን ከማውገዝ ይልቅ ጣዕሙን የጠበቀ፣ ፓስተራይዝ በተደረገ ወተት የሚሠራ አዘገጃጀት አሰናዱ። አስተማሪ አድርገው ያሠማሩት ደግሞ በማኅበረሰቡ የሚከበሩትን አያቶች ነበር፤ ሥራውም «የአያት ፕሮጀክት» ተባለ። ሕመሙም ቀነሰ።

በእኛም አገር አይብ የሚሠሩት እናቶችና አያቶች ናቸው። ነፍሰ ጡሯን «አትብዪ» ብሎ ከመሸኘት ይልቅ አይቡን የሚሠራውን ሰው ማነጋገር ይሻላል፦ አይቡ ለነፍሰ ጡር ሲቀርብ እንፋሎት እስኪያወጣ ይሞቅ፤ ከዚያ በኋላ በታጠበ እጅና ዕቃ ይያዝ፤ ሳይቆይ በዕለቱ ይበላ፤ ማቀዝቀዣ ተህዋሱን ይገድላል ተብሎ አይታመን። እኛም ትኩሳት ይዟት የመጣችን ነፍሰ ጡር «ጉንፋን ነው» ብለን ከመሸኘታችን በፊት፣ ባለፉት ሁለት ወራት ጥሬ ወተት ወይም በሚገባ ያልሞቀ አይብ ቀምሳ እንደሆነ እንጠይቃት። በሎስ አንጀለስ ከሞቱት 30 ጽንሶችና አራስ ሕፃናት የተገኘው ትምህርት ከዚህ አጭር ጥያቄ ይጀምራል።