በቴሌፎን መስመር ላይ ከማዕከል ስለሚደረግ ጥበቃ፤ ከሐረር መስመር እስከ ኮልፌ

ይህን አጭር ጥናት የጀመርነው ከአንድ ትንሽ ነገር ተነሥተን ነው። በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቀን ጧት ቴሌፎኖቹ ሁሉ ዝም አሉ። በኋላ መዝገቦቹ ሲመረመሩ፣ ጸሓፊዋ በማስታወሻዋ ላይ 4 ሰዓት ብላለች፤ በዋናው ቢሮ ያለው መቆጣጠሪያ 10 ሰዓት ይላል፤ የቴሌፎን ማዞሪያው መሣሪያ ደግሞ 7 ሰዓት መዝግቧል። ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም። ጸሓፊዋ የአገራችንን አቈጣጠር፣ መቆጣጠሪያው የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት፣ መሣሪያው ከፋብሪካ እንደ ወጣ የግሪንዊችን ሰዓት ይዘው ነበር። ነገር ግን አንዱ ብልሽት እንደ ሦስት ብልሽት ስለ ተቈጠረ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ድካም ጠየቀ። እኛም፣ ማዕከል በሩቅ ያለውን መሣሪያ ለመጠበቅ እንዲችል አስቀድሞ ምን መዘጋጀት አለበት ብለን ጠየቅን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአገራችን የቴሌፎን ታሪክ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይነሣል። መነሻውም 1894 እንደ ሆነና ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የቴሌፎንና የቴሌግራፍ መስመር እንደ ተዘረጋ የቴሌኮሙኒኬሽኑ መሥሪያ ቤት ታሪክ ይናገራል። እንዲህ ባለ ረጅም ሽቦ ላይ ብልሽት የሚፈለገው በጥሪ ነው። ጠባቂው በየጣቢያው በተራ ይደውላል፤ መልስ ከሰጠው ከመጨረሻው ጣቢያና ዝም ካለው ከመጀመሪያው ጣቢያ መካከል ሽቦው ተቈርጧል ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ግን እያንዳንዱ ጣቢያ የታወቀ ስምና በመስመሩ ላይ የታወቀ ተራ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት በ1951 ከዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በ1952ም የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። በእጅ በሚሠራ ማዞሪያ፣ ሠራተኛዋ ራስዋ የመስመሩ ጠባቂ ነበረች፤ የትኛው መስመር እንደሚንጫጫ፣ የትኛው እንደማይመልስ በጆሮዋ ታውቃለች። አውቶማቲክ ቴሌፎን ሲመጣ ግን ያ ጆሮ ከመካከል ተነሣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ መሥሪያ ቤቱ የራሱን መስመር ብልሽት የሚሰማው ደንበኛው ሲያማርር ሆነ። በመሣሪያው ላይ የሚበሩት የማስጠንቀቂያ መብራቶችና ደወሎች የተፈለጉትም የጠፋውን ጆሮ ለመተካት ነው።

ድምፅ በኮምፒዩተር መረብ መጓዝ ሲጀምር ነገሩ ረቀቀ። በአገራችን ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኘው ወረዳ ኔት ምስልና ድምፅ በአንድ መረብ አስተላልፏል። በ1988 የወጣው ኤስኤንኤምፒ የተባለው ደንብ ማዕከሉ መሣሪያዎችን በየተራው እየጠራ ጤናቸውን እንዲጠይቅ ያስችለዋል። አሠራሩ ከሽቦው ጠባቂ ጥሪ በብዙ አይለይም።

ከዚህም የተነሣ ዝግጅቱ በአምስት ነገሮች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን የሚናገር ስምና የማይለዋወጥ አድራሻ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰዓታቸውን ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ፤ የኮልፌው ችግር ከዚህ ጉድለት የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ለማዕከሉ ብቻ እንዲመልስ ፈቃድ ይሰጠው፤ በቀድሞዎቹ የኤስኤንኤምፒ እትሞች የይለፍ ቃሉ ሳይሰወር ስለሚጓዝ፣ ምስጢር የሚጠብቀውን ሦስተኛውን እትም መምረጥ ይገባል። አራተኛ፣ በመካከል ያለው የመረብ አጥር ለጥያቄ 161ኛውን፣ መሣሪያው በራሱ ለሚልከው ማስጠንቀቂያ 162ኛውን በር ይክፈት። አምስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው መቼ እንደሚጮኽ ልክ ይወሰን፤ ለምሳሌ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ እንዳይፈጅ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበር ይመክራል። ልኩ ካልተወሰነ ማስጠንቀቂያው ሌሊትና ቀን ይጮኻል፤ ሰሚውም ይሰለቻል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። የመስመሩን ጤና የሚጠብቅ ማዕከል ማን ከማን ጋር፣ መቼና ለስንት ደቂቃ እንደ ተነጋገረ የሚያሳየውን መዝገብም ይሰበስባል። የማዞሪያዋ ሠራተኛ የሰማችውን ልትረሳ ትችላለች፤ የኮምፒዩተር መዝገብ ግን አይረሳም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ በቴሌፎን የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ስለዚህ የጥሪ መዝገብ ወደ ማዕከል ከመላኩ በፊት፣ ማን እንደሚያየውና እስከ መቼ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ሊወሰን ይገባል እንላለን።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ማዕከል የሚያየው ዳር ላይ የተዘጋጀውን ብቻ ነው። ውድ የሆነ መቆጣጠሪያ ገዝቶ የመሣሪያዎቹን ስምና ሰዓት ያላስተካከለ መሥሪያ ቤት፣ ጣቢያዎቹ የት እንዳሉ ሳያውቅ በሽቦው ላይ እንደሚደውል ጠባቂ ነው። አዘጋጅቶም ለጠባቂው ወሰን ያላበጀ፣ መስመሩን ሲጠብቅ ተናጋሪውን አጋልጦ ይሰጣል። የሙያ ትምህርታችንም ሁለቱን፣ መሣሪያውን ማዘጋጀትንና የተናጋሪውን ምስጢር መጠበቅን፣ አንድ ላይ ቢያስተምር መልካም መስሎ ይታየናል።