የማንኪያ ቅጠልና የቤሪንግ መርከበኞች

በሰሜን ባሕር ዳር፥ ከብርዱ ጽናት የተነሣ ዛፍ በማይበቅልበት አገር፥ አንዲት ትንሽ የዱር ተክል ትገኛለች። ቅጠሏ የማንኪያ መልክ ስላለው ጀርመኖች በቋንቋቸው የማንኪያ ቅጠል ይሏታል። አበባዋ ነጭ ነው፤ አራቱም የአበባዋ ቅጠሎች በመስቀል አምሳል የተዘረጉ ናቸው። ወገኗ ከጎመንና ከፌጦ ስለ ሆነ ስትቀመስ እንደ ሰናፍጭ ታቃጥላለች።

ይህች ተክል በባሕር ሰዎች ዘንድ የከበረችው ስከርቪ ስለሚባለው ደዌ ነው። ትኩስ ቅጠልና ፍሬ ሳይቀምስ ብዙ ወራት በባሕር ላይ የኖረ ሰው ድዱ ያብጣል፥ ጥርሱ ይነቃነቃል፥ ከብዙ ዘመን የሻረ ቍስሉም ተመልሶ ያመረቅዛል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ምክንያቱ ቪታሚን ሲ የሚባለው ነገር ማጣት መሆኑ ተለይቶ የታወቀው ገና በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

በፈረንጆች ቍጥር በ1741 ዓ.ም. የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ቪቱስ ቤሪንግ ለመስኮብ መንግሥት አድሮ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ በተባለች መርከብ ከካምቻትካ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከእርሱም ጋራ ጌኦርግ ሽቴለር የሚባል ጀርመናዊ ነበረ፤ እርሱም አስቀድሞ ነገረ መለኮት ተምሮ ኋላ ወደ ዕፀዋት ምርመራ ያዘነበለ ሰው ነው። ሲመለሱ ውሃ ለመቅዳት ከደሴት አጠገብ በቆሙ ጊዜ፥ ደዌው ጀምሯቸው ነበርና፥ ሽቴለር ለሁሉ የሚበቃ ቅጠል የሚለቅሙ ጥቂት ሰዎች እንዲሰጡት ለመነ። ሹማምንቱ ግን ናቁት። እርግጥ ሽቴለር ምላሱ የተሳለ፥ ሰውን ከመንቀፍ የማይታክት ስለ ነበረ፥ መልካም ምክሩ ከጠባዩ ጋራ አብሮ ተጠላ፤ ዳሩ ግን የታመሙት መርከበኞች ምን በደሉ? ራሱ የለቀመውን ለቤሪንግ ቢያበላው፥ ከአልጋ መነሣት ያቃተው አዛዥ በጥቂት ቀን ተነሥቶ ቆመ። ቅጠሉ ግን ጥቂት ነበረና አለቀ።

ከዚያ ወዲያ መሪ የሚይዘው ሰው እንኳ በሁለት ድውያን ተደግፎ ወደ ስፍራው የሚደርስ ሆነ። በኅዳር መርከቢቱ ሰው ከሌለበት ደሴት ተጣለች፤ ቤሪንግም በታኅሣሥ በዚያ ሞተ። የቀሩት የባሕር አውሬ ሥጋ እየበሉ፥ ሽቴለር የሚለቅምላቸውንም ቅጠል እየተመገቡ ኃይላቸው ተመለሰ። በመርከቢቱ ከተሳፈሩት ከ70 ከሚበልጡ ሰዎች 46ቱ፥ ከስብራቷ አነስተኛ መርከብ ሠርተው በ1742 ዓ.ም. ካምቻትካ ገቡ።

በ1991 ዓ.ም. የዴንማርክና የመስኮብ መርማሪዎች የቤሪንግን መቃብር በከፈቱ ጊዜ፥ በጥርሶቹ ላይ የዚያ ደዌ ምልክት አልተገኘም።