ጫማ በእግር ልክ፦ የአንዲት ትንሽ ሶል ረጅም ታሪክ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ የማራቶንን ድል በባዶ እግሩ ሲቀዳጅ ዓለም በአድናቆት ተመለከተው። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ባዶ እግሩን የሮጠው ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም.፣ ያው ሯጭ በቶኪዮ ተጫምቶ ሮጠና የሮማውን ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ከሁለቱ ድሎች አንዱን ብቻ ነጥሎ የወሰደ ሰው፣ ጫማ አያስፈልግም ወይም የግድ ያስፈልጋል ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል። ሁለቱን አጣምሮ ለሚመለከት ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ጫማው የተሠራው በማን እግር ልክ ነው የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለሯጭ የሰዓት ጉዳይ ነው። እግሩ ለደነዘዘበት፣ ለቆሰለበት ወይም ቅርጹ ለተበላሸበት ሰው ግን እግርን የማዳንና የማጣት ጉዳይ ይሆናል። በልክ የተሠራ የጫማ የውስጥ ሶል በኢትዮጵያ ያለው ታሪክም ከሁሉ ይልቅ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው።

ነገሩ ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድሞ የችግሩን ሥር መመልከት ይገባል። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም በውስጥ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 590 ኒውተን ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መሬቱን የሚነካው የውስጥ እግር ስፋት 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኒውተን ያህል ግፊት ያርፋል። ሰውየው ለመራመድ ተረከዙን ሲያነሣ ግን ሸክሙ በሙሉ ከጣቶች ሥር ወዳሉት የአጥንት ራሶች ይዛወራል። በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ ከክብደቱ ይበልጣል፤ የሚያርፍበትም ስፋት እጅግ ይጠባል። ስፋቱ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ 650 ኒውተን ቢሆን ግፊቱ ወደ 26 ከፍ ይላል። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ገበያ የሚሄድ ገበሬ እርምጃው 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይህን ሸክም በእያንዳንዱ እግሩ 7,000 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል።

በእግር ልክ የተቀረጸ ሶል የሰውየውን ክብደት አይቀንስም፤ ሊቀንስም አይችልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የውስጥ እግርን ቅስት ከሥሩ ሞልቶ ሸክሙን በሰፊ ቦታ ላይ ማከፋፈልና የተጎዳውን ክፍል ማሳረፍ ነው። የድልድይን ሸክም በሰፊ መሠረት አማካይነት ለመሬት የሚያስረክብ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ እንግዳ ነው አይለውም።

በውጭው ዓለም የሙያው ጅማሬ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሮያል ዊትማን የተባለ የኒው ዮርክ የአጥንት ሐኪም፣ ጠፍጣፋ እግር ላላቸው ሕሙማን በእግር ቅርጽ ላይ የተመሠረተ የብረት ድጋፍ ይሠራ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ ሜርተን ሩት የተባለ አሜሪካዊ የእግር ሐኪም እግርን በተወሰነ አቋም ይዞ የጀሶ ልክ የማውሰድን ዘዴ አስፋፋ፤ በሙቀት የሚለሰልሰው ፕላስቲክም የብረቱን ቦታ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በሀብታም አገሮች ትልቅ ንግድ ሆኗል።

ሆኖም በልክ የተሠራ ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ በተረከዝ ሥር ሕመም ላይ የታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በልክ በተሠራውና ተዘጋጅቶ በሚሸጠው ሶል መካከል ጉልህ የውጤት ልዩነት አላገኘም። በልክ የመሥራት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የእግሩ ቅርጽ ከተለመደው በወጣና ሕመም የሚባለው ማስጠንቀቂያ በጠፋ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሕመም የሌለበት እግር

በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ጣቶቹ በበሽታው እየተበሉ ይረግፋሉ ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በደቡብ ሕንድ በቬሎር የሠሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን እምነት የሚያፈርስ ማስረጃ አቀረቡ። በሽታው ነርቭን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘው እግር ደግሞ ጠጠር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ ግፊት ሲደጋገምበት ባለቤቱ አይሰማውም። ጤነኛ ሰው ሲያመው ሳያውቀው ያነክሳል፤ በማነከሱም እግሩን ያሳርፋል። ሕመም የማይሰማው ሰው ግን በቆሰለው እግሩ ላይ አዘውትሮ ይረግጣል። ስለዚህ ለቁስሉ ከሚቀባው መድኃኒት እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ የሚያስፈልገው ግፊትን የሚያከፋፍል ጫማ ሆኖ ተገኘ። በሕንድ የማይክሮሴሉላር ጎማ ሶል ለዚሁ ተግባር ዋለ፤ ይህ ጎማ በውስጡ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች ስላሉት ልስላሴና ጥንካሬን አስተባብሮ የያዘ ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በአለርት በኩል ነው። የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሥፍራ ሲቋቋም፣ ለሐሳቡ መጠንሰስ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል ፖል ብራንድ ይገኙበታል። ማዕከሉ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ጎን የአካል ድጋፍና የጫማ መሥሪያ ወርክሾፕ ነበረው። በዚህ ዓይነቱ ወርክሾፕ የሕመምተኛው እግር በጀሶ ይቀረጻል፤ ከጀሶው ቅርጽ ፎርማ ይወጣል፤ በፎርማው ላይ ሶሉ በሙቀት ለስልሶ ይጣበቃል፤ የቆሰለው ቦታ በሚያርፍበት ላይ ይጎደጉዳል፤ ሌላው ይሞላል። ቀላሉ ፕላስታዞት የተባለው ስፖንጅ ፕላስቲክም ለዚህ ሥራ ጥቅም ላይ ውሏል።

እግርን ያዳነ፣ ሰውን ያጋለጠ ጫማ

ከዚህ በኋላ የተከሰተው ችግር ግን በጀሶም በጎማም የሚፈታ አልነበረም። ልዩው ጫማ መልኩም ልዩ ነበር። በገበያ መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በለቅሶ ቤት የተመለከተው ሁሉ የባለቤቱን በሽታ ከጫማው ያነብበዋል። በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ በሚገለልበት አገር፣ ጫማው የእግርን ቁስል እየሸፈነ የሰውየውን ምሥጢር ገለጠበት። ከዚህም የተነሣ እግርን እንዲያድን ታስቦ በብዙ ድካም የተሠራ ጫማ በቤት ማዕዘን ተቀምጦ ይቀር ነበር፤ ባለቤቱም በባዶ እግሩ ወይም ከመኪና ጎማ በተሠራው በረባሶ ይሄድ ነበር። በዚያ ላይ ዋጋው ውድ ነው፤ በእርሻ ጭቃና በድንጋያማ መንገድም ቶሎ ያልቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1981 የደገፉት የጥምር መድኃኒት ሕክምና የበሽታውን ተሕዋስ ለማጥፋት ቢያስችልም፣ የሞተውን ነርቭ አላስነሣም። ስለዚህ ከበሽታው የዳነው ሰው ጫማ መፈለጉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1998 በኢትዮጵያ ገጠር በሥጋ ደዌ እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎችና ለገበሬዎች ስለሚሆን ጫማ የተጻፉ ጥናቶች ታተሙ። በእነዚህ ጥናቶች ትኩረት ያገኘው ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን የመሰለ፣ ዋጋው የቀለለ የሸራ ጫማ ነበር፤ ልዩነቱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ በሶሉ ላይ ነው። ይህ ለንድፍ ሙያ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። አንድ መሣሪያ ሥራውን መሥራቱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገለገልበት ሰው በአደባባይ ሊይዘው የማያፍርበት መሆን አለበት። የጎረቤት ዓይንም እንደ ክብደትና እንደ ግፊት ከስሌቱ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ጉልበት ነው።

ከአፈር የሚመጣ በሽታ

ቀደም ሲል በናይጄሪያ የሥጋ ደዌን የእግር ቁስል ያጠኑት ቀዶ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ሌላ ምሥጢር ፈቱ። በደጋው አገር ብዙ ገበሬዎችን የሚያጠቃው ዝሆኔ፣ ትንኝ ከምታስተላልፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ መሆኑን፣ መነሻውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር መሆኑን አሳዩ። የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ መስመሮችን ያውካሉ። ፕራይስ ለበሽታው እግርንና ብናኝን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቅኝት ከተመረመሩት ጎልማሶች መካከል 4 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው መያዛቸውን አሳይቷል። በዚሁ ቅኝት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ካርታ፣ 34.9 ሚሊዮን ሰዎች ለበሽታው በሚያጋልጥ ምድር ላይ እንደሚኖሩ ገምቷል።

ለዚህ በሽታ መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ መጫማትና እግርን መታጠብ ነው። እግሩ አንዴ ያበጠበት ሰው ግን በሱቅ ያለው ጫማ አይገባለትም፤ እንደገና የልክ ጥያቄ ይመጣል። በወላይታ በዚህ በሽታ ላይ የተሰማራ ድርጅት ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ አድርጎ ማሠልጠኑ ለዚህ የተሰጠ ብልህ መልስ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ለአንድ ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ ደግሞ፣ የእግር ንጽሕና፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ የሚነሣው የሚያስተኛ ትኩሳትና ሕመም ካልተሰጣቸው ይልቅ ማነሱን አረጋግጧል፤ በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ የነበረው ወደ 19.4 ወርዷል። ልዩነቱ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ገበሬ በዓመት አራት ጊዜ ከመተኛት መዳን፣ ከእነዚህም አንዱ በአጨዳ ሰሞን ሊውል መቻሉ፣ የቀለለ ነገር አይደለም።

ከዓባይ ማዶ

ምሥራቅ ጎጃምን ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ነው። በወንዙ በወሎ በኩል የመካነ ሰላምና የማሻ አገር ይገኛል። የአካባቢው ሰው ኑሮ በእግር ላይ የቆመ ነው፤ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ እግሩ በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣቶቹ ይጨነቃሉ፤ ሲወጣ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው የውስጥ እግር ላይ ያርፋል። በሜዳ ላይ የተሰላ ሶል ለዚህ ዳገትና ቁልቁለት አይበቃም።

በወሎ ለእግር ሕሙማን ቀደምት መጠጊያ ከሆኑት አንዱ ከደሴ ከተማ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ቀድሞ በሚሲዮን የተመሠረተ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። በደሴም የአካል ተሐድሶ አገልግሎት ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ መድረስ ለጤነኛም አድካሚ መንገድ ነው። የልክ ሥራ ደግሞ በአንድ ጉዞ አያበቃም፤ አንድ ጊዜ ለመለካት፣ ሁለተኛ ለመሞከር፣ ከዚያም ሶሉ ባለቀ ቁጥር ለማስለወጥ መመላለስ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ በከተማዪቱና በአካባቢው የነበሩ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበርና፣ በአንድ ማዕከል ብቻ የተንጠለጠለ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚሰበር በግልጽ ታይቷል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ ሕመም ተጨምሯል። የስኳር በሽታም እንደ ሥጋ ደዌ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ስለዚህ በአለርት ወርክሾፕ የተከማቸው ልምድ ያለፈ ዘመን ቅርስ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ ለነገው ሥራ መነሻ ነው።

ታሪኩ ሲጠቃለል ሦስት ቁም ነገሮችን ያስተምራል። ሶል በእግር ልክ መሠራት ያለበት ለሚያስፈልገው እግር ነው፤ ለቀረው የደኅና ፋብሪካ ሥራ ይበቃል። ጫማው እግርን ሲያድን ሰውን ማሳፈር የለበትም። ሦስተኛውና እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘው የርቀት ጉዳይ ነው። የጀሶ ልክ መውሰድ በደንብ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በወረዳ ከተማ ሊያከናውነው የሚቻል ሥራ ነው፤ የደረቀ ጀሶም በአውቶቡስ ይላካል። ሶሉን የሚሞቅ ምድጃና የሚሞርድ ሞተር ግን በአንድ ቦታ ቢሆኑ ይበቃል። የትኛው ጎማ በደጋው ድንጋይ ላይ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ጀሶው በመንገድ እንዳይሰበር እንዴት እንደሚታሸግ፣ ሶሉ ሲደርስ በወረዳው እንዴት እንደሚገጠም መወሰን የሐኪም ብቻ ሳይሆን የመሐንዲስም ሥራ ነው። የቆሰለ እግር ይዞ ከማሻ ደሴ ድረስ ከሚመላለስ ሰው ይልቅ፣ የእግሩ ልክ ቢሄድ ይሻላል።