አንድ መቀየሪያ፣ ሁለት መስቀለኛ፦ በሞዴል ባቡር ውስብስብ የሐዲድ መሻገሪያ አነዳደፍ

ሆሳዕና ባቡር አልደረሰባትም። ከዱራሜ ወይም ከሾኔ ተነሥቶ ሐዲድ በዓይኑ ማየት የሚሻ የምህንድስና ተማሪ ሞጆ ወይም አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ለዚህ ተማሪ መሻገሪያን በ1 ለ87 ልኬት ጠረጴዛ ላይ መንደፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የባቡር መስመር ጂኦሜትሪን በእጅ እየዳሰሱ መማሪያ ነው።

ምሳሌው ከአዲስ አበባ ይምጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት ጣቢያዎች በአንድ ጥንድ ሐዲድ ይጓዛሉ። ከልደታ በኋላ መስመሮቹ እንደሚለያዩበት ያለውን መጋጠሚያ በአንድ ወለል ላይ ለመንደፍ ሁለት መቀየሪያዎች (ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ የሚመሩ) እና አንድ መስቀለኛ (ሁለት ሐዲዶች የሚቆራረጡበት) ያስፈልጋሉ፤ ከሚገነጠሉት ሐዲዶች አንዱ ተቃራኒውን ሐዲድ ቆርጦ ማለፉ አይቀርምና።

የመቀስ መሻገሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ሐዲዶች መካከል፣ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሻገር አራት መቀየሪያዎች ይገባሉ፤ መሐላቸው ላይ መስቀለኛው ይቀመጣል። ጀማሪ ነዳፊ ሐሳቡን ሁሉ መቀየሪያዎቹ ላይ ያደርጋል። እኔ ግን ንድፉ ከመሐሉ መጀመር አለበት እላለሁ።

ምክንያቱ ማዕዘኑ ነው። የ1 ለ6 መቀየሪያ 9.5 ዲግሪ ገደማ ይገነጠላል። በመቀሱ ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ መንገዶች ስለሚቆራረጡ መስቀለኛው ወደ 19 ዲግሪ ይሰፋል፤ ይህም 1 ለ3 ገደማ ነው። በልደታው ዓይነት መጋጠሚያ ግን ቀጥ ብሎ የሚገነጠለው ሐዲድ ተቃራኒውን የሚቆርጠው በዚያው በ9.5 ዲግሪ ነው። መቀየሪያው አንድ ሆኖ መስቀለኛው ይለያያል ማለት ነው። ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር መንኮራኩሩ መሐል ላይ ያለ መሪ የሚያልፈው ክፍተት ይረዝማል። በትልቁ ባቡር ዓለም ከ1 ለ8 የጠበበ መስቀለኛ በተንቀሳቃሽ ሐዲድ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለመቀሱ 1 ለ8 መቀየሪያ መምረጥ ያዋጣል፤ ኩርባው ይለሰልሳል፣ መሐሉም አሁንም 14 ዲግሪ ስፋት አለው። ዋጋው ቦታ ነው። ሐዲዶቹ ከመሐል እስከ መሐል 50 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ፣ በአንዱ መሻገሪያ ላይ ባሉት ሁለት መቆራረጫ ጫፎች (በመቀየሪያው ውስጥ ሐዲድ ሐዲድን የሚቆርጥባቸው) መካከል ያለው ርቀት በ1 ለ6 ወደ 100፣ በ1 ለ8 ወደ 135 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለመጋጠሚያው ግን መስቀለኛው ከመቀየሪያው ጋር አብሮ ስለሚጠብ 1 ለ6 ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ሌላው ፈተና ነው። የአዲስ አበባው ባቡር 750 ቮልት ከላይ ካለው ሽቦ ይወስዳል፤ ሐዲዶቹ የመመለሻ መንገድ ናቸው። በተለመደው የጠረጴዛ ሞዴል ግን አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው፤ መስቀለኛው ላይ ሲገናኙ ሾርት ያደርጋሉ። እያንዳንዱ መቆራረጫ ጫፍ ከሁለት በኩል ተቆርጦ ይነጠላል፤ ጫፉ ብረት ከሆነም ኃይሉን ከመንገዱ ጋር አብሮ በሚቀያየር ማብሪያ ያገኛል።

ሽቦው ከመያያዙ በፊት ግን አንድ ጥንድ መንኮራኩር በጣት ቀስ አድርጎ መሐሉን ማሳለፍ ነው። የመንኮራኩሩ ከንፈር ጫፉን ከነካ፣ የሐዲዱ ውስጣዊ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን እንደገና መለካት ይገባል።