መሬቱን ጠይቁ

የዘር ሐረግ መመዝገቢያ አፕሊኬሽኖች ገና ስትገቡ የሚጠይቋችሁ “የቤተሰብ ስም” ነው። እኛ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። የአባቴ ስም ለእኔ ሁለተኛ፣ ለልጄ ሦስተኛ ነው፤ የልጅ ልጄ መታወቂያ ላይ አይኖርም። “ሰባት ቤት ቁጠር” ስንባልም አብዛኞቻችን የምንደረድረው ወንዶችን ብቻ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፦ ከእኔ በላይ ሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ እስከ 128 ሰው አለ። ሌሎቹ የት ገቡ?

ጎጃም ውስጥ የሚያስታውሳቸው ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይመጣል። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዋናው አባት ድረስ ትውልዱን፣ ሴቶቹንም ሳይዘል፣ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። አንዲት አያት ከተረሳች በእሷ በኩል የሚመጣው መሬትም ቀረ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ለስንቱ ጭሰኛ ነፃነት ነው፣ አልከራከርም። ብቻ ከዚያ ወዲህ የሴት አያቶችን ስም ይዞ መቆየት ማሳ አያስገኝም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው፦ ከስም አትጀምሩ። ስም ስጠይቃቸው “እንጃ ልጄ” ያሉኝ አያቴ፣ “የወንዙ ዳር እርሻ በማን በኩል መጣ?” ስላቸው ሦስት ሴቶችን በተከታታይ ጠሩልኝ። የአንዷ ወንድም ድርሻዋን ሊከለክላት ተሟግቶ እንደተረታም ጨመሩ። መቼ ነው? አልኳቸው።

“ጣልያን ሊወጣ ሲል።”

1933 አካባቢ ብዬ ጻፍኩ።